ስልኩ አምስት ይላል፣ ከረጢቱ ግን ሰባት፦ ከዝርዝሩ የጎደለው የት ቀረ?

በሐዴራ ክሊኒኮች የምንሠራ ነርሶች በየሳምንቱ የምንሰማው ጥያቄ አለ፤ «ስልኬ ላይ የለም፤ ታዲያ ጠፋ ማለት ነው?» የሚል። አንዱ የደም ምርመራ ውጤቱን ፈልጎ ያጣ ነው። አንዷ ከሦስት ልጆቿ ሁለቱን ብቻ የምታይ እናት ናት። ሌላው ደግሞ ሠርቶ የደከመባቸው ወራት ከቢቱዋህ ሌኡሚ ገጽ ላይ ጎድለውበት የመጣ ነው። ይህኛው የነርስ ሥራ አይደለም፤ ግን በአማርኛ የሚያዳምጥ ሰው ባለበት ጥያቄው ሁሉ ይመጣል፣ የመጣን ሰው ደግሞ ዝም ብሎ መመለስ አይሆንልንም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወረቀቱ ሁሉ ወደ ስልክ ገብቷል። ክላሊትም፣ ማካቢም፣ መኡሄዴትም፣ ሌኡሚትም የየራሳቸው አፕሊኬሽን አላቸው፤ ቀጠሮው፣ የመድኃኒት ማዘዣው፣ የምርመራው ውጤት እዚያ ይታያል። ጥሩ ነገር ነው፤ አንነቅፈውም። የቸገረው በስልኩ ላይ የሚታየው ዝርዝር ሙሉ መዝገብ መስሎ መታየቱ ነው። ዝርዝር ከቦታ ወደ ቦታ ሲላክ ከመካከሉ የሚጎድል ነገር ይኖራል፤ ሲጎድልም ድምፅ አያሰማም። ወረቀት ቢቀደድ ቅዳጁ ይታያል። ከስልክ ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ቢጎድል ግን የቀሩት መስመሮች ተጠጋግተው ይሰለፋሉና ክፍተቱ አይታይም።

የእድሩ መዝገብና የተላከው ልጅ

ነገሩን ለመረዳት ኮምፒውተር መማር አያስፈልግም። ሁለት ቦታ እንዳለ ማወቅ ይበቃል። አንደኛው የኩፓት ሆሊሙ ትልቁ ኮምፒውተር ነው፤ ባለሙያዎቹ ሰርቨር ይሉታል። መዝገቡ የተቀመጠው እዚያ ነው። ሁለተኛው በእጃችሁ ያለው ስልክ ነው። ስልኩ መዝገቡን በውስጡ አልያዘም፤ በከፈታችሁት ቁጥር ወደ ሰርቨሩ ጥያቄ ይልካል፣ ሰርቨሩም ዝርዝር አዘጋጅቶ ይመልስለታል።

የእድርን መዝገብ አስቡ። መዝገቡ በጸሐፊው ሳጥን ውስጥ ነው። አንድ ልጅ «የአባሎቹን ስም አምጣ» ተብሎ ይላካል። ጸሐፊው በአንድ ገጽ የሚበቃውን ሃያ ስም ጽፎ ይሰጠዋል። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ይሮጣል፣ ቤት ሲደርስም ሃያ ስም ይነበባል። በሃያ አንደኛው መስመር ላይ የነበሩት ሰው «ከእድር ተሰረዝኩ» ብለው ይቆጣሉ፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው መዝገብ ላይ ግን ስማቸው እንዳለ ነው። ማንም አልሰረዛቸውም። ልጁ ሁለተኛውን ገጽ እንዲያመጣ አልተነገረውም እንጂ።

እንግዲህ አንድ ስም ሲጎድል የሚጠየቀው አራት ነገር ነው፦ በመዝገቡ ላይ መጀመሪያውኑ ተጽፎ ነበር ወይ? ልጁ ምን አምጣ ተብሎ ተላከ? ጸሐፊው ምን ጽፎ ሰጠው? ቤት ሲደርስስ አንባቢው ሁሉን አነበበ ወይ? በስልክም ሆነ በሥራ መዝገብ የሚጎድል ነገር ሁሉ ከእነዚህ በአንዱ ቦታ ላይ የጎደለ ነው።

በአንድ ወቅት ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ጥርስ ሊያስነቅሉ ቀጠሮ ነበራቸው፣ የጥርስ ሐኪሙም የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር እንዲያመጡ ነግሯቸው ነበር። የልጅ ልጃቸው ጎበዝ ነው፤ አፕሊኬሽኑን ከፍቶ አሳየን። አምስት መድኃኒት ይላል። እኛ ስልኩን አይተን አልጨረስንም፤ «እማማ፣ ከረጢቱስ?» አልናቸው። እንደ ብዙ እናቶቻችን መድኃኒታቸውን በፌስታል ቋጥረው ይዘው ነበር። ፈትተን ጠረጴዛው ላይ ደረደርነው፤ ሰባት ሳጥን ሆነ። የጎደሉት አንዱ የዓይን ጠብታ ነው። ሌላው ኩማዲን ነው።

ኩማዲን ደም በቀላሉ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። የሚወስደው ሰው ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ሐኪሙ ማወቅ አለበት፤ የደሙን ምርመራ አይቶ ይወስናል፣ የደም መፍሰሱን መቆጣጠሪያም ያዘጋጃል። ካላወቀ ግን የተነቀለበት ቦታ ደሙ አልቆም ብሎ ሌሊቱን ወደ ሚዩን መሮጥ ሊመጣ ይችላል። ከአንዳንድ አንቲባዮቲክ ጋርም አይስማማም፤ ለምሳሌ ሬስፕሪም የሚባለው የኩማዲንን ኃይል ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ከሰባቱ የትኛውም ቢጎድል ይከፋል፣ ይህ ሲጎድል ግን አደጋ ነው።

በእኛ ኮምፒውተር ስናየው ሰባቱም ተመዝግበዋል። ስለዚህ መዝገቡ አልጠፋም፤ የጎደለው በመንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ቀስ ብለን ስንከታተል ሁለቱ መድኃኒቶች የጎደሉበት ምክንያት የተለያየ ሆኖ አገኘነው። የዓይን ጠብታው ስልኩ ውስጥ ነበረ፤ ገጹ መጀመሪያ የሚያሳየው አምስት መስመር ብቻ ነው፣ ከሥር በትንንሽ ፊደል «ተጨማሪ አሳይ» የሚል አለ፣ ልጁ አልነካውም። ኩማዲኑ ግን ያንን ቢነኩትም አይመጣም። ገጹ የሚጠይቀው «ዛሬ የሚሠራ ማዘዣ ያላቸውን መድኃኒቶች» ነው። የኩማዲኑ ማዘዣ ባለፈው ሳምንት ጊዜው አልፎ መታደሱን ይጠብቅ ነበር፤ እናታችን ደግሞ ከቀድሞው ሳጥን የተረፈውን ክኒን በየማታው እየዋጡ ነው። ለአፕሊኬሽኑ ማዘዣው አልፏል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ የለም። በሰውነታቸው ውስጥ ግን አለ።

ይህን በዝርዝር ያነሣነው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲጎድል ሰው አንድ ምክንያት ብቻ ስለሚፈልግ ነው። አንዱን አግኝቶ «ተስተካከለ» ብሎ ይሄዳል፤ ሁለተኛው እንደጎደለ ይቀራል። የልጅ ልጁ «ተጨማሪ አሳይ» የሚለውን ሲያገኝ ደስ ብሎት ነበር፤ ስድስት ሆነ። ስድስት ግን ሰባት አይደለም። ሰባትን ያወቅነው ከረጢቱን ስለቆጠርን ነው። ለጥርስ ሐኪሙ ሰባቱንም በወረቀት ጽፈን፣ ኩማዲኑን ከላይ አስቀምጠን፣ አስምረንበት ላክን።

የት እንደጎደለ የሚለየው ቆጠራ ነው

የሚጎድልን ነገር በዓይን መፈለግ ያደክማል፤ መቁጠር ይቀላል። በመጀመሪያ በእጃችሁ ያለውን ቁጠሩ፦ ስንት ሳጥን፣ ስንት ምርመራ፣ ስንት ትሉሽ። ቀጥሎ በስልኩ ላይ ያለውን እስከ ታች ወርዳችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ያንኑ ገጽ በኮምፒውተር፣ በኩፓው ድረ ገጽ ላይ አስከፍታችሁ ቁጠሩ። በመጨረሻ ክሊኒክ ውስጥ ያለችውን ጸሐፊ ወይም ነርስ በእሷ በኩል ስንት እንደሚታይ ጠይቁ።

በኮምፒውተሩ ሰባት ሆኖ በስልኩ አምስት ከሆነ ችግሩ ስልኩ ላይ ነው፤ አፕሊኬሽኑ አርጅቶ ይሆናል፣ አሳድሱት፣ ወይም ኔትዎርክ ሲቆራረጥ የተከፈተ ገጽ ይሆናል፣ ዘግታችሁ ክፈቱት። በስልኩም በኮምፒውተሩም አምስት ሆኖ በጸሐፊዋ በኩል ሰባት ከሆነ መዝገቡ ደኅና ነው፤ ወደ እናንተ እንዳይላክ የሚያደርግ ገደብ አለ፣ ምን ገደብ እንደሆነ ይጠየቃል። በጸሐፊዋም በኩል አምስት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሁለቱ አልተመዘገቡም፣ ወይም ከሌላ ቦታ ገና አልደረሱም። ያኔ ስልኩን መነካካት ዋጋ የለውም፤ መድኃኒቱን ወዳዘዘው ሐኪም ወይም ወደ ሆስፒታሉ መሄድ ነው። በግል ሐኪም የታዘዘ፣ በግል መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የተገዛ፣ ዘመድ ከአዲስ አበባ ያመጣው መድኃኒት በኩፓው መዝገብ ላይ በራሱ አይገባም። እሱን የሚያስገባው የእናንተ አፍ ነው።

ለጸሐፊዋ የሚቀርበውን ጥያቄ በዕብራይስጥ እንዲህ በሉት፦ «ካማ ትሩፎት ረሹሞት ኤጽሌኽ?» ስንት መድኃኒት በአንቺ በኩል ተመዝግቧል ማለት ነው። «ሁሉ ደኅና ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ደኅና ነው» ይባላል፤ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ቁጥር ይመለሳል።

ይህ የእኛ አገር ወይም የእኛ ሰው ችግር ብቻ አይደለም። በኮሮና ዘመን፣ በ2020 መስከረም ወር መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ እንግሊዝ ውስጥ 15,841 በበሽታው የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ጎደሉ። ላቦራቶሪዎቹ ዝርዝሩን ልከዋል። የተቀበለው ክፍል ግን ያስገባው በቆየ የኤክሴል ፋይል ውስጥ ነበር፤ ያ ዓይነት ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ አይይዝም። ከዚያ በታች ያለው መስመር ሁሉ ወደቀ። ኮምፒውተሩ «ሞላብኝ» ብሎ አልጮኸም። ሰዎቹ የራሳቸው ውጤት ደርሷቸዋል፣ ከእነሱ ጋር የተገናኙትን ሰዎች ፈልጎ የማስጠንቀቁ ሥራ ግን በቀናት ዘገየ። ሀብታም አገር፣ የተማረ ሰው፣ እንዲያም ሆኖ ልክ እንደ እድሩ ወረቀት ገጹ ሲሞላ የቀረው ቀረ።

እኛን ለይተው የሚነኩ ጉድለቶች

አንዳንዱ ምክንያት ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ አንዳንዱ ግን የእኛን ማኅበረሰብ በተለየ ይነካል። የመጀመሪያው ስምና የልደት ቀን ነው። ወደ አገር ስንገባ ብዙ ወላጆቻችን የተወለዱበት ቀን ስላልታወቀ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎላቸዋል። ስማቸውም በአንዱ ቢሮ በአንድ ፊደል፣ በሌላው ቢሮ በሌላ ፊደል ገብቷል። በትክክል የተሠራ መዝገብ ሰውን የሚለየው በተዑዳት ዘሁት ቁጥር ነው። በስምና በልደት ቀን የሚለይ ዝርዝር ካጋጠመ ግን ሁለት የአንድ ቤት ሰዎች፣ ተመሳሳይ ስምና ተመሳሳይ ጃንዋሪ 1 ያላቸው፣ ለኮምፒውተሩ አንድ ሰው ይሆናሉ። ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ይጻፋል፤ ሁለት የነበረው አንድ ይሆናል።

የዘመን አቆጣጠሩም አለ። የካቲት 30 ለእኛ የታወቀ ቀን ነው። የካቲትን ፌብሩዋሪ ብሎ የተረጎመ ሰው ግን 30/2 ብሎ ይሞላል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ወይም 29 ቀን እንጂ 30 የለውም። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለውን መስመር ወይ አይቀበልም፣ ወይ ተቀብሎ ቀኑን ባዶ ያደርገዋል፣ በቀን ሲደረደር ያ መስመር የት እንደሚወድቅ አይታወቅም። ጳጉሜንማ ተዉት፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚያውቅ ፎርም እዚህ አላየንም። ከኢትዮጵያ የመጣ የክትባት ካርድ ወይም የሐኪም ወረቀት ስታስገቡ ቀኑ መለወጡን አረጋግጡ።

ተዑዳት ዘሁታችሁ በዜሮ የሚጀምር ከሆነም ልብ በሉ። ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም እንደ ገንዘብ ቆጥሮት ከፊት ያለውን ዜሮ ይጥለዋል፤ ስምንት አሃዝ ይቀራል። ከዚያ ሌላው ኮምፒውተር በዘጠኝ አሃዝ ሲፈልጋችሁ አያገኛችሁም። በቅርንጫፉ ውስጥ ስትናገሩም ዜሮውን አትዝለሉ።

ሦስት ልጅ አላት ብለን የጀመርናት እናት ጉዳይ ቀላል ነበር፤ የደነገጠችው ግን በጣም ነው። የበኩር ልጇ ከስልኳ ላይ የጠፋው 18 ዓመት ስለሞላው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሕክምና መረጃው የእሱ ነው፤ እናት ወይም አባት የሚያዩት እሱ ከፈቀደ ነው። እሷ ግን ኢንሹራንሱ የተቋረጠ መስሏት ነበር። አልተቋረጠም። የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ጀምሮ ለአገሪቱ ነዋሪ ሁሉ ነው፤ ልጁ በራሱ ስም ገብቶ ራሱን ያያል።

ሆን ተብሎ የማይታይም ውጤት አለ። አንዳንድ ከባድ ምርመራ ሐኪሙ ፊት ለፊት ሳያነጋግራችሁ ስልክ ላይ አይለጠፍም። ይህን ጥሩ አድርገው ነው እንላለን፤ አንድ እናት ብቻዋን አውቶቡስ ውስጥ ሆና እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ የለባትም። ግን ውጤት ሳይመጣ ሲዘገይ «ዝም ካሉ ደኅና ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። የስንት ምርመራ ደም እንደሰጣችሁ ከወረቀቱ ቁጠሩ፤ የመጣው ውጤት ካነሰ ጠይቁ።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበንን እናንሣ፤ ባዶ ቦታ ነው። አለርጂ በሚለው ሣጥን ውስጥ ምንም ካልተጻፈ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፦ ተጠይቆ «የለብኝም» ብሏል፣ ወይም ማንም ጠይቆት አያውቅም። በዝርዝሩ ላይ ግን ሁለቱም ባዶ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት ጎንደር ወይም ሱዳን ውስጥ መርፌ ተወግቶ ፊቱ ያበጠ፣ ትንፋሹ ያጠረ ሰው ይህን እዚህ ለማንም ሳይናገር ሊኖር ይችላል። መርፌው ፔኒሲሊን ከነበረ ማወቁ ሕይወት ያድናል። የመድኃኒቱ ስም ባይታወቅ እንኳ የደረሰባችሁን ለነርሷ ንገሩ፤ ይጻፋል። አለርጂ የሌለባችሁም «የለም» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ባዶ እንዳይቀር።

ሰርቨሩ ራሱ ዝም ሲል

ለሐዴራ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኦክቶበር 13 ቀን 2021 ሂሌል ያፌ ሆስፒታል በኮምፒውተር ጥቃት ተመታ። ወንበዴዎች መዝገቡን ቆልፈው ገንዘብ ጠየቁ፤ ሐኪሞችና ነርሶችም ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ተመለሱ። እንዲህ ባለ ቀን ከዝርዝሩ አንድ መስመር ሳይሆን ዝርዝሩ ራሱ የለም። የራሱን መድኃኒት በወረቀት ጽፎ በቦርሳው የያዘ ሰው ለሐኪሙ የሚሰጠው ነገር አለው።

በሌላውም ቀን ቢሆን በሆስፒታሉና በኩፓው መካከል ያለው መንገድ ሁለት የተለያዩ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኝ ነው። ሆስፒታሉ ከኩፓው የተወሰነ መረጃ ማየት ይችላል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ከሆስፒታል ስትወጡ የሚሰጣችሁ ሚክታቭ ሺኽሩር ላይ የተለወጠ መድኃኒት ካለ ወረቀቱን ወደ ቤተሰብ ሐኪማችሁ በእጃችሁ አድርሱት፤ «ኮምፒውተሩ ያደርሰዋል» አትበሉ።

ወረቀቱ እንዲህ ይሁን፦ የመድኃኒቱ ስም በሳጥኑ ላይ ባለው ፊደል ይገልበጥ፣ ስንት ሚሊግራም፣ ጠዋት ወይስ ማታ፣ ለምን በሽታ፣ አለርጂ፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ፣ ከላይ ደግሞ የተጻፈበት ቀን። ከጎኑ በአማርኛ ጻፉበት፤ የምትወስዱት እናንተ ናችሁና። ቀን የሌለው ዝርዝር ከሌለ አይሻልም የሚሉ ባልደረቦች አሉን፤ እኛ እዚያ ድረስ አንሄድም፣ ግን ቀኑን ጻፉ።

ከሥራ መዝገብ የጠፉ ወራት

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ጽዳት፣ ፋብሪካ ወይም አረጋውያንን መንከባከብ ሥራ ላይ ያላችሁ ወላጆች በቢቱዋህ ሌኡሚ ገጽ ላይ የሠራችሁባቸውን ወራት ስታዩ የቅርቦቹ ወራት ሊጎድሉ ይችላሉ። ሁልጊዜ ስርቆት አይደለም። ቀደም ሲል አሠሪው በየወሩ 102 የሚባል ሪፖርት ይልክ ነበር፤ በዚያ ላይ የነበረው የሠራተኞች ብዛትና ጠቅላላ ገንዘብ ነው እንጂ የእናንተ ስም አልነበረም። ስማችሁና ደመወዛችሁ ይገባ የነበረው 126 በሚባለው ሪፖርት ነው፤ እሱም በየወሩ አይላክም ነበር። የመጀመሪያው ስድስት ወር እስከ ጁላይ 18፣ ሁለተኛው እስከ ጃንዋሪ 18፣ የዓመቱ ደግሞ እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ ይቀርብ ነበር። ስለዚህ በሜይ ወር የማርችን ሥራ ፈልጎ ማጣት ልጁ ገና አልተላከም ማለት ነበር። በሴፕቴምበር የማርችን ካጣችሁ ግን ዝም አትበሉ፤ ትሉሹን ይዛችሁ ጠይቁ።

የጡረታው ከዚህ ይለያል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ጀምሮ ጡረታ ለሠራተኛ ሁሉ ግዴታ ነው። ዛሬ ከደመወዝ 6 በመቶ ከሠራተኛው ይቆረጣል፤ አሠሪው 6.5 በመቶ ለጡረታ፣ 6 በመቶ ደግሞ ለፒጹዪም ይጨምራል። ትሉሻችሁ ላይ ተቆርጦ እያለ በጡረታ ፈንዱ ዝርዝር ላይ ያ ወር ከሌለ፣ መጀመሪያ ያው ቆጠራ ነው፦ አሥራ ሁለት ትሉሽ፣ ስንት ክፍያ? አንድ ወር ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ሦስት ወር ተከታትሎ ከጎደለ ግን የስልክ ችግር ብሎ ማለፍ አይቻልም። ከሠራተኛ ቆርጦ ወደ ፈንዱ አለማስገባት በሕግ ወንጀል ነው። ጠበቃ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ጋ የምትሄዱት ትሉሾቻችሁን ይዛችሁ ነው፤ የደመወዝ ክስ የሚቀርበው በሰባት ዓመት ውስጥ ነውና ቢያንስ ያን ያህል አስቀምጧቸው።

ብዙ አሠሪ የለወጠ ሰው «ሃር ሃኬሴፍ» በተባለው የመንግሥት ገጽ ላይ በነፃ ስሙን ቢፈልግ የተረሳ ጡረታ ያለበትን ኩባንያ ያገኛል። የሚያሳየው የኩባንያውን ስም ነው፤ የገንዘቡን መጠን አይናገርም። መጠኑን ራሱ ኩባንያውን መጠየቅ ነው። ገንዘብ አልተጻፈም ብላችሁ ገጹን አትዝጉት።

ሲጎድል ማንን እንጠይቅ?

በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ከሕክምና መዝገባችሁ ቅጂ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። በ1981 የወጣው የግል ምስጢር ጥበቃ ሕግም በመዝገብ ላይ ስለእናንተ የተያዘውን የማየትና ስሕተት ካለ እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት የጎደለውን ገጽ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ በስልኩ ፎቶ አንሱት፤ ልጆቹ «ጺሉም ማሳኽ» ይሉታል። ነገ ዝርዝሩ በራሱ ቢስተካከልና መልሶ ቢጎድል ማስረጃ ይሆናችኋል። ለሐኪሙ ወይም ለቢሮው ብቻ አሳዩት እንጂ በቤተሰብ ዋትስአፕ ላይ አትልቀቁት፤ ተዑዳት ዘሁቱ አለበት።

ቋንቋው ካስቸገረ አስተርጓሚ ጠይቁ። በከተማችን የሂሌል ያፌ ሐኪም የነበሩት ዶክተር አናት ያፌ በ1998 የመሠረቱት ጤና ብሪኡት የተባለው ድርጅት በአማርኛ የጤና ትምህርት ሲሰጥና በስልክ ሲያስተረጉም የኖረ ነው። የጤና ሚኒስቴር ኮል ሃብሪኡትም በ*5400 ይገኛል። የልጅ ልጅ ጥሩ አስተርጓሚ ነው፤ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ለሆነው ልጅ የአያቱን የሽንት ምርመራ ማስተርጎም ለሁለቱም አይመችም፣ ልጁም የሚያፍርበትን መስመር ሊዘል ይችላል። እሱም አንድ የጎደለ መስመር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንጨምር። «ከመዝገብዎ የጎደለ ነገር አለ፤ ለማስተካከል በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ብሎ የሚደውል ሰው ካለ ስልኩን ዝጉ። ያ ቁጥር የመዝገባችሁ ቁልፍ ነው። ጉድለቱን ራሳችሁ ወደ ኩፓው ደውላችሁ፣ በካርዳችሁ ጀርባ ባለው ቁጥር አረጋግጡ።

ከጊቫት ኦልጋም ከቤት ኤሊዔዘርም ለክትትል ስትመጡ ስልኩንም ከረጢቱንም ይዛችሁ ኑ። ያለቀ መድኃኒት ሳጥን ካለ አትጣሉት፣ እሱንም አምጡት። የቆየ ትሉሽ የያዛችሁም ካላችሁ በዓመት በዓመቱ ለይታችሁ እሰሩት፤ ጠረጴዛው ላይ ስንደረድረው የምንቆጥረው ከጃንዋሪ ጀምረን ነው።